ቤቱን ከመምረጥዎ በፊት የመኪናዎን በር ይክፈቱ

እ.ኤ.አ. በ1959 ከኬፕታውን ተነሥተው አፍሪካን ከደቡብ ጫፍ እስከ ካይሮ ድረስ ያቋረጡ 41 ተሳቢ ቤቶች ነበሩ። ገላቸው በአሉሚኒየም የተሠራ ስለ ነበረ በፀሐይ ላይ ሲታዩ እንደ ብር ያብለጨልጩ ነበር። የጉዞው መሪ የኤርስትሪም ፋብሪካ መሥራች ዋሊ ባያም ሲሆን፣ ተጓዦቹ በኢትዮጵያ ሲያልፉ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ላይ ተቀብለው አነጋግረዋቸዋል። የዚያን ጊዜውን ፎቶግራፍ ያየ ሰው ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው በሚያብለጨልጨው ቤት ላይ ነው። እኔም ብሆን ያየሁት ቤቱን ብቻ ነበር። ቤቱን ስለሚጎትተው መኪና ማሰብ የጀመርሁት ባለፈው ክረምት ነው፤ ያሳሰበኝም ነገር በፎቶግራፍ የታየ ሳይሆን በራሴና በዘመዶቼ ላይ የደረሰ ነው።

የእናቴ ወንድም ከነቤተ ሰቡ የሚኖረው በአሜሪካን አገር በኮሎራዶ ግዛት፣ ከዴንቨር ጋር በተጎራበተችው በኦሮራ ከተማ ነው። በዚያ ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ እንጀራውም፣ በርበሬውም፣ ሠርጉና ለቅሶውም አይጠፋም። እኔ በአገር ቤት በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ስሆን፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወራት አጎቴ ጠርቶኝ ሄድሁ። ቤቱ ውስጥ አጎቴና ባለቤቱ፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ እንዲሁም አያቴ አሉ። እኔ ስጨመር ሰባት ሆንን፤ መኪናቸውም ባለ ሰባት መቀመጫ ናትና አንድም የሚተርፍ ቦታ አልነበረም።

ልጆቹ ተራራውንና ሐይቁን ለማየት ጓጉተዋል። ሆቴል እንዳይያዝ ለሰባት ሰው ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ ጊዜው የፍልሰታ ጾም ስለ ነበር አያቴ የሆቴል ምግብ አትቀምስም፤ ሽሮዋን ራሷ ካልሠራች ጉዞው ለእርሷ ጉዞ አይደለም። ስለዚህ አጎቴ ጎረቤቶቹ እንደሚያደርጉት ተሳቢ ቤት ለመግዛት አሰበ።

ተሳቢ ቤት ላላየ አንባቢ በአጭሩ ልንገረው። ሞተር የሌለው፣ በጎማ ላይ የቆመ ትንሽ ቤት ነው። ውስጡ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ የዕቃ ማጠቢያ፣ ማቀዝቀዣ፣ በአንዳንዱም መጸዳጃና ገላ መታጠቢያ አለው። ከፊቱ በወጣው የብረት ምሰሶ አማካይነት በመኪናው ኋላ ካለው የመጎተቻ ኳስ ጋር ይያያዛል። በአገራችን የጭነት መኪና ከነተሳቢው ሲሄድ ያላየ የለምና አሠራሩ እንግዳ አይሆንብዎትም። ልዩነቱ የጭነት መኪናው ለመጎተት የተፈጠረ ሲሆን፣ የቤተ ሰብ መኪና ግን ለሰው ማመላለሻ የተሠራች መሆኗ ነው።

ወደ መሸጫው ስፍራ ሄድን። ሻጩ ደስ የሚል ጎልማሳ ነው፤ የጠየቀንም አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። «መኪናችሁ ስንት ትጎትታለች?» አለ። አጎቴ መመሪያ መጽሐፉን አይቶ ነበርና «3,500 ፓውንድ» ሲል መለሰ። ይህ በእኛ ልክ 1,588 ኪሎ፣ ማለትም ወደ 16 ኩንታል ያህል ነው። ሻጩም ሁለት ተደራራቢ የልጆች አልጋ፣ አንድ ትልቅ አልጋና መጸዳጃ ያለው ቤት አሳየን። «ይህ 2,750 ፓውንድ ብቻ ነው፤ ገና ብዙ ይተርፋችኋል» አለን። ልጆቹ በተደራራቢው አልጋ ላይ ወጥተው አልወርድ አሉ። አያቴ ግን ወደ ውስጥ አልገባችም። ከመኪናው ኋላ ቆማ የመጎተቻውን ኳስ ካየች በኋላ «ይህ ሁሉ ቤት በዚህች እንቡጥ ላይ ነው የሚንጠለጠለው?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም ሳቅንባት። አሁን ሳስበው ከሁላችን የተሻለውን ጥያቄ የጠየቀችው እርሷ ነበረች።

አጎቴ ጠንቃቃ ሰው ስለ ሆነ ከመግዛቱ በፊት ለአምስት ቀን ተከራይቶ ሊሞክረው ወሰነ። የምናመሰግነውም ለዚህ ነው።

ከዴንቨር ወደ ምዕራብ የሚሄደው 70 ቁጥር አውራ ጎዳና የሚወጣው ዳገት እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። ከተማዋ ያለችው በ1,609 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን መንገዱ እየወጣ ሄዶ የአይዘንሐወር ዋሻ ከተባለው ስፍራ ሲደርስ 3,401 ሜትር ይሆናል፤ ይኸውም ከእንጦጦ ራስ በላይ መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ላይ መኪና የነዳ ሰው አየሩ ሲሳሳ ሞተር እንዴት እንደሚደክም ያውቃል። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ ከዋሻው አፍ ሲደርስ ከባሕር ጠረፍ ከነበረው ጉልበት አንድ ሦስተኛው ገደማ አብሮት የለም። እኛም ዳገቱን የወጣነው ሞተሩ እየጮኸ፣ ከጭነት መኪናዎቹ ጋር በቀኝ መስመር ላይ ሆነን ነው። መውጣቱስ ወጣን። ችግሩ የመጣው ከዋሻው ወጥተን ወደ ዲለን ሐይቅ ስንወርድ ነው።

ቁልቁለቱ በየ100 ሜትሩ እስከ 7 ሜትር ይወርዳል። ፍሬን ለከዳቸው የጭነት መኪናዎች ማቆሚያ የሚሆን ጠጠር የተሞላ መወጣጫ ከመንገዱ ዳር ተሠርቷል። አንድ ረጅም የጭነት መኪና በግራ በኩል አልፎን ሲሄድ ነፋሱ ተሳቢውን ገፋው፤ ተሳቢውም መኪናችንን ከኋላ ወደ ቀኝ ጎተታት፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ግራ። አጎቴ መሪውን ሊያቃና ሲሞክር ውዝዋዜው ባሰ። ልጆቹ ዝም አሉ። አያቴ «እመ ብርሃን!» ስትል ሰማሁ። አጎቴ እግሩን ከነዳጁ ላይ አንሥቶ፣ ፍሬኑንም በድንጋጤ ሳይረግጥ መሪውን ቀጥ አድርጎ ያዘ፤ በእጁም የተሳቢውን ፍሬን ለብቻ የሚያዝዘውን ትንሽ መሣሪያ ገፋ። ተሳቢው ከኋላ ወደ ኋላ ሲጎትተን ገመዱ እንደ ተወጠረ ሁሉ ተቃናን። ከመንገዱ ዳር ቆመን ከመኪናው ስንወርድ የአጎቴ ሸሚዝ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ ነበር።

በዚያ መንገድ ዳር እንደ ቆምን አያቴ ተሳቢውን ዙሪያውን አየችው። አራቱ ብስክሌቶች ከኋላው ታስረዋል፤ የውሃው ጋንም ያለው በስተኋላ ነው፤ ከባድ ዕቃውን ሁሉ እኛው ራሳችን የከተትነው በኋለኛው ቁም ሣጥን ነበር። አያቴ በልጅነቷ የአጋሰስ ጭነት ሲታሰር ያደገች ናት። «ጭነቱ ወደ ጭራው ሄዷል፤ እንዲህ ሆኖ በቅሎም አትሄድላችሁ» አለች። ብስክሌቶቹን አውርደን ወደ ፊት ወሰድን፤ ውሃውንም ከፊሉን አፈሰስን፤ እስከ ሐይቁ ድረስ በዝግታ ወረድን።

ወደ ኦሮራ ስንመለስ አጎቴ አንድ ወዳጁን አማከረ። ይህ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው፤ ረጅም የጭነት መኪና በመላው አሜሪካ ይነዳል። ነገሩን ከሰማ በኋላ «መመዘን ነው እንጂ መከራከር ምን ያደርጋል?» ብሎ ወደ ጭነት መኪናዎች መመዘኛ ወሰደን። ዕቃውን ሁሉ መጀመሪያ እንደ ነበረ መልሰን ጫንን፤ ሰዎቹም ሁላችንም ገባን። መጀመሪያ መኪናዋን ብቻዋን፣ ቀጥሎም ከነተሳቢው መዘንን። ከዚህ ልዩነት ተሳቢው በመኪናዋ ኋላ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ይገኛል፤ እኔ የመንጠቆ ክብደት እለዋለሁ።

አሁን እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ትንሽ ሒሳብ ይታገሡኝ፤ የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ያለው በዚህ ነውና።

ተሳቢው ከነጭነቱ 1,540 ኪሎ ሆነ። ሻጩ የነገረን 2,750 ፓውንድ ማለት 1,247 ኪሎ ነበር። ይህ ባዶ ክብደት ነው፤ ቤቱ ከፋብሪካ ሲወጣ ውሃ፣ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ምግብና ብስክሌት የለበትም። የውሃው ጋን ብቻ ሲሞላ 114 ኪሎ ይመዝናል። እንዲያም ሆኖ ከ1,588 ኪሎ ወሰን አላለፍንም። ሻጩ አልዋሸንም። ታዲያ ስሕተቱ የት ላይ ነው?

የአሜሪካን መኪና የሾፌሩን በር ሲከፍቱ ከምሰሶው ላይ አንድ ትንሽ ወረቀት ተለጥፎ ያገኛሉ። በላዩም የሰዎችና የጭነት ክብደት በአንድነት ከዚህ ልክ እንዳያልፍ የሚል ማስጠንቀቂያ ከነቁጥሩ ተጽፎበታል። በአጎቴ መኪና በር ላይ ያለው ቁጥር 1,150 ፓውንድ፣ ማለትም 522 ኪሎ ነው። መኪናዋ በጀርባዋ የምትሸከመው ይህን ያህል ነው። የምትጎትተው ሌላ፣ የምትሸከመው ሌላ ነው። መንጠቆው ላይ የሚያርፈው ክብደት ግን ከሚሸከሙት ወገን ይቈጠራል።

ሰዎቹን አንድ በአንድ መዘንን። አጎቴ 88፣ ባለቤቱ 74፣ አያቴ 58፣ እኔ 67፣ ሦስቱ ልጆች አንድ ላይ 106 ኪሎ ሆኑ፤ ድምሩ 393። መኪናው ውስጥ የነበረው ዕቃ 70 ኪሎ፣ የመጎተቻው ብረት 20 ኪሎ። ይህ ሲደመር 483 ነው። እንግዲህ ከ522 ላይ የቀረን 39 ኪሎ ብቻ ሆነ።

የአሜሪካን ተሳቢ ቤት ሳይወዛወዝ ቀጥ ብሎ እንዲከተል ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመንጠቆው ላይ ማረፍ አለበት። ከዚህ ያነሰ እንደ ሆነ ጭራው ከብዶ ይወዛወዛል። የእኛው 95 ኪሎ፣ ማለትም 6 በመቶ ገደማ ነበር። ልናስተካክለው 12 በመቶ እናድርገው ብንል 185 ኪሎ ይመጣል። የቀረን ደግሞ 39 ነው። ተሳቢውን ብናስተካክል መኪናዋን እናጎብጣታለን፤ ለመኪናዋ ብናዝን ተሳቢው ይወዛወዛል። በሁለቱ መካከል መፍትሔ የለም። ሰባታችን በተሳፈርንበት ሁኔታ ያቺ 16 ኩንታል ትጎትታለች የተባለችው መኪና በሕጉ ልትጎትት የምትችለው አራት ኩንታል የማይሞላ ተሳቢ ነው።

ይህን በሰሌዳ ላይ ለተማሪ ባስተምረው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ቢሆንም እኔ ራሴ የፊዚክስ መምህር ሆኜ ሳለሁ ከመውጣታችን በፊት አልደመርሁትም።

ያ 3,500 የሚባለው ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ማወቅም ይጠቅማል። የአሜሪካ የአውቶሞቢል መሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2008 የመጎተት መፈተኛ ደንብ አወጣ፤ ከፋብሪካዎችም መጀመሪያ የተቀበለው ቶዮታ ሲሆን ከ2011 ሞዴል ጀምሮ ነው። ከፈተናዎቹ አንዱ በአሪዞና ግዛት በዴቪስ ግድብ አጠገብ ያለውን ከ18 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዳገት በበጋ ሙቀት፣ ማቀዝቀዣው እንደ በራ መውጣት ነው። ፈተናው ቀላል አይደለም። ዳሩ ግን የአነስተኛ መኪና ፈተና ሲደረግ የሚታሰበው ሾፌርና አንድ ተሳፋሪ፣ እያንዳንዳቸው 68 ኪሎ ሆነው ነው። አያት የለችም፤ ልጆች የሉም፤ ምጣድና ጀበናም የለም። ስለዚህ በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው የመጎተት ቁጥር የሁለት ሰው ቁጥር ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በአሜሪካ ወገኖቻችን በብዛት የሚይዟቸው መኪናዎች ምን ያህል ይጎትታሉ ለሚል አንባቢ ጥቂቶቹን ልጥቀስ። ቶዮታ ሲየና ከ2021 ሞዴል ወዲህ 3,500 ፓውንድ፤ ሱባሩ አውትባክ ከ2020 ሞዴል ወዲህ እንደ ሞተሩ ዓይነት 2,700 ወይም 3,500፤ ቶዮታ ራቭፎር ከ2019 እስከ 2025 ባለው ሞዴል በተራው የቤንዚን ዓይነት 1,500፤ ሆንዳ ፓይለት በአራቱም ጎማ የሚነዳው 5,000 ፓውንድ ነው። በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ግን ቤትዎን አይምረጡ። የሚመርጡት በበሩ ላይ ባለው ቁጥር ነው፤ እርሱም ከመኪና መኪና፣ ያው ሞዴል ሆኖ እንኳ እንደ ጌጣጌጡ ይለያያል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከበሩ ቁጥር ላይ የሰዎቹን፣ በመኪናው ውስጥ የሚጫነውን ዕቃና የመጎተቻውን ብረት ክብደት ይቀንሱ። የቀረው በመንጠቆው ላይ ሊያርፍ የሚችለው ነው። ይህን ለ12 ያካፍሉና በ100 ያባዙ፤ የሚገኘው ተሳቢው ከነሙሉ ጭነቱ ሊኖረው የሚገባው ክብደት ነው። መመሪያ መጽሐፉም ለመንጠቆው የራሱን ወሰን ያስቀምጣልና ከሁለቱ ያነሰውን ይያዙ፤ ለአጎቴ መኪና 350 ፓውንድ፣ ማለትም 159 ኪሎ ነበር። ከዚያም ወደ መሸጫው ሲሄዱ ባዶ ክብደቱን አይጠይቁ። በተሳቢው ግራ ጎን ከፊት በኩል በተለጠፈው ወረቀት ላይ ከነሙሉ ጭነቱ እስከ ስንት እንደሚደርስ ተጽፏል፤ የሚያነቡት እርሱን ነው። ቤተ ሰብ ያለው ሰው በባዶው ላይ ከ300 እስከ 400 ኪሎ ሳይጨምር አይነሣም።

ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ የፊቱም ስፋት ይታያል። ብዙ ጊዜ ተሳቢ ቤት 2 ሜትር ከ40 ገደማ ስፋት አለው፤ ቁመቱም ከመኪናው ጣሪያ በላይ ይወጣል። መኪናዋ የምትጎትተው ቤት ብቻ ሳይሆን የነፋስ ግድግዳ ጭምር ነው። የአየር ግፊት እንደ ፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ወደ 100 ከፍ ሲያደርግ ግፊቱ ከአንድ እጥፍ ተኩል ይበልጣል። አንዳንድ የመኪና መመሪያዎች የተሳቢው ፊት ከስንት ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ለይተው ይጽፋሉ። ስለዚህ ትንሽ መኪና ያለው ሰው ዝቅ ያለ ወይም የሚታጠፍ ቤት ቢፈልግ በነዳጅም በፍሬንም ይጠቀማል።

ከዚህ በኋላ ምርጫው ራሱ ይጠባል። ለሁለት ሰውና ለአንድ ሕፃን ከሆነ በፋይበርግላስ የሚሠሩትን ትንንሽ ቤቶች እኔ አስበልጣለሁ። እነዚህ እንደ እንቁላል ቅርፊት በሁለት ግማሽ ተሠርተው የሚገጠሙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 በካናዳ በዊኒፔግ ከተማ ቦለር የተባለው ወጣ፤ ቀጥሎም በሚኒሶታ ግዛት የሚሠራው ስካምፕ መጣ። ትንሿ ስካምፕ ከነምሰሶዋ 4 ሜትር ያህል ስትሆን ባዶዋን ከ550 እስከ 700 ኪሎ ናት። ጣሪያዋ ብዙ ስፌት ስለሌለው ዝናብ አያስገባም፤ የ30 ዓመት አሮጌ እንኳ ዋጋ ያወጣል። በውስጧ ግን ሦስት ልጅ ያለው ሰው አይገባም፤ ቢገባም አይወጣም።

ለብዙ ሰው የሚሆነው የሚታጠፈው ነው። ሲጓዝ ከመኪናው መስኮት ከፍ የማይል ሣጥን ነው፤ ሲቆም ጣሪያው ወደ ላይ ይነሣል፤ ከፊትና ከኋላው አልጋዎች እንደ መሳቢያ ይወጣሉ፤ ግድግዳው ሸራ ነው። ስድስት ሰው ያስተኛል፤ ከነጭነቱም ብዙ ጊዜ ከ900 እስከ 1,200 ኪሎ ነው። ጉድለቱን አልደብቅም። ዝናብ ሲዘንብ የተጠቀለለ ሸራ ቤት ተመልሶ ካልደረቀ ይሻግታል። ሌሊት ይበርዳል። ድብ በሚበዛባቸው አንዳንድ ስፍራዎችም አይፈቀድም፤ በየሎስቶን ፓርክ ፊሺንግ ብሪጅ በተባለው ሰፈር ጠንካራ ግድግዳ የሌለው ቤት ማሳደር ክልክል ነው። አልጋዎቹም ከፍ ስለሚሉ ለሽማግሌ አይመቹም፤ የምግብ ጠረጴዛው ወርዶ የሚሆነው አልጋ ግን ዝቅተኛ ነው፤ የአያቴ አልጋም እርሱ ሆነ። ተደራራቢ አልጋ ያለው ጠንካራ ቤት ካላገኘሁ የሚል ሰው ደግሞ ቤቱን ሳይሆን መኪናውን ቢለውጥ ይሻለዋል።

በአውሮፓ ያሉ ዘመዶች በትንንሽ መኪና ትልልቅ ቤት ሲጎትቱ አይተናል የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። እዚያ በመንጠቆው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከአሜሪካው በጣም ያነሰ ነው። ነገር ግን ቤቶቹ ቀለል ብለው ይሠራሉ፤ ፍጥነቱም በሕግ ተወስኗል፤ ለምሳሌ በጀርመን ተሳቢ የያዘ መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ነው፤ 100 ለመሄድ የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል። የአሜሪካን ከባድ ቤት በአውሮፓ ልክ አስረው በአሜሪካን ፍጥነት እነዳለሁ ቢሉ የደረሰብን ይደርስብዎታል።

ፍሬኑን ከሁሉ አስቀድመው ያስቡበት። በብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ከ3,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። ለትንሽ መኪና ግን ተሳቢው 700 ኪሎም ቢሆን ፍሬን ያለውን ይግዙ እላለሁ፤ ከመኪናውም ውስጥ የሚያዝዘው መሣሪያ ይተከልለት። ያን ቀን ያተረፈን እርሱ ነው። ቁልቁለት ሲወርዱም ከላይ ሳሉ ማርሹን ይቀንሱ፤ ፍሬኑ ግሎ ሽታው እስኪመጣ አይጠብቁ።

አሮጌ የሚገዛ ሰው ደግሞ ማዕዘኖቹን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን ያድርግ፤ ለስለስ ካለ ውስጡ ያለው እንጨት በስብሷል ማለት ነው፤ በማግሥቱም ሻጋታው ይሸትዎታል። ጎማውን ሲያዩ ጥርሱን ብቻ አይመልከቱ። በጎኑ ላይ አራት አኃዝ ተጽፏል፤ 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። የተሳቢ ጎማ ሳይሠራ ቆሞም ያረጃል፤ ስድስት ዓመት ካለፈው ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ይለወጥ።

ስለ ምጣድ የጠየቁኝ ሴቶች ነበሩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 1,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ባለ 30 አምፔር መስመር የሚሰጠው 3,600 ዋት ስለሆነ ብቻውን ከሆነ ይሠራል፤ ማቀዝቀዣና ማሞቂያ አብረው ሲበሩ ግን ይቋረጣል። የእኛ ቤት ሰዎች ከብዙ ክርክር በኋላ እንጀራውን ጋግረው ይዘው ሄዱ፤ ምጣዱ ኦሮራ ቀረ። 

አጎቴ በመጨረሻ የሚታጠፈውን ገዛ። ከነሙሉ ጭነቱ 1,000 ኪሎ ነው፤ በመንጠቆው ላይ 120 ያሳርፋል። ከመኪናው ውስጥ 50 ኪሎ ዕቃ አውጥተን ወደ ተሳቢው አሳለፍን፤ ከአክስሉ ፊት ለፊት አደረግነው። እንደዚያም ሆኖ ሰባታችን ስንሳፈር ለመንጠቆው የሚቀረው 89 ኪሎ ብቻ ነበር። የእኔ 67 ኪሎ ሲወጣ ግን 156 ሆነ። አጎቴ ወረቀቱን አይቶ «ለካ ትርፉ ጭነት አንተ ነበርህ!» አለኝ። እኔም «እንግዲህ ጋሼ፣ ልከተላችሁ» ብዬ በባለቤቱ ትንሽ መኪና ብቻዬን ከኋላ ነዳሁ።

ከዋሻው ወጥተን ያንኑ ቁልቁለት ስንወርድ ሁለት ረጃጅም የጭነት መኪናዎች አለፏቸው። ከኋላ ሆኜ ዓይኔን ከተሳቢው ላይ አልነቀልሁም። በነፋሱ ትንሽ ገፋ አለ፤ ከዚያም ተመልሶ መኪናዋን ተከተለ። የልጆቹ ሦስት ራሶች በኋለኛው መስኮት ይታዩኝ ነበር።

ዲለን ሐይቅ ዳር ስንደርስ ጣሪያውን አነሣን፤ አልጋዎቹን ሳብን፤ አያቴ ሽሮዋን ሠራች። ስፍራው ወደ 2,750 ሜትር ከፍታ ያለው ስለሆነ ፀሐይ እንደ ጠለቀች ብርዱ ያጅ ጀመር። ሌሊት በሸራው ግድግዳ በኩል አያቴ ስትጠራኝ ሰማሁ፤ እኔ ከውጭ በድንኳን ተኝቼ ነበር።

«ጋቢዬን ያስቀራችሁት አንተ ነህ አሉ?»

እውነት ነበር። ከዕቃዎቹ ዝርዝር ላይ የሰረዝሁት እኔ ነኝ።

«ለመሆኑ ስንት ኪሎ ሆኖ ነው?» አለች።

«ሁለት ኪሎ አይሞላም፣ እማማ» አልሁና የራሴን ብርድ ልብስ ይዤ ተነሣሁ።